አሥር ጂኖም ከአንድ ተራራ፦ የቀይ ቀበሮ ጥበቃና ያልተነበበው የሰሜን ወገን

እ.ኤ.አ. በ2023 «ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን» በተሰኘው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ከባሌ ተራሮች የተገኙ የአሥር ቀይ ቀበሮዎችን ሙሉ ጂኖም አንብቦ ለእንስሳው ጥበቃ ቀጥተኛ ፋይዳ ያላቸው ሁለት ውጤቶችን አቅርቧል። የመጀመሪያው፣ የቀይ ቀበሮ የዘረመል ብዝኃነት ለንጽጽር ከተወሰዱት የሰሜን አሜሪካ ግራጫ ተኩላዎችና ከአራት የውሻ ዝርያዎች አንጻር ሲታይ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዚህ ዝቅተኛነት ምክንያት በቅርብ ትውልዶች የተከሰተ የሥጋ ዘመዳሞች መዳቀል ሳይሆን እንስሳው ለረጅም ዘመናት በአነስተኛ ቁጥር የኖረ መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ውጤቶች ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያዎች በቀላሉ ሊመዘዙ ይችላሉ። አንዱ ተስፋ የቆረጠ ነው፦ ብዝኃነቱ ካለቀ እንስሳው በሽታንና የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋምበት ስንቅ የለውምና መጥፋቱ አይቀርም የሚል። ሌላው ደግሞ ከልክ ያለፈ መረጋጋት ያለበት ነው፦ እስከ ዛሬ በትንሽ ቁጥር መኖር ከቻለ ነገም ይችላል፣ ዘረመሉን ትቶ መሬቱን መጠበቅ ይበቃል የሚል። ሁለቱም የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። አሥሩም ጂኖሞች የተገኙት ከአንድ ተራራ፣ ያውም ከቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ ከሚኖርበት ከባሌ ነው። ዛሬ ውሳኔ የሚጠብቁት ግን በዋነኛነት ከስምጥ ሸለቆ በስተ ሰሜን የሚገኙት ጥቃቅን ወገኖች ናቸው። በስሜን፣ በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎና በመንዝ ስላሉት ቀበሮዎች ሙሉ ጂኖም የባሌው ጥናት የሚለው ነገር የለም።

የሰሜኑ ናሙና ስለምን እንደሚያሻ ለመረዳት የዘረመል ጥናት ስለዚህ እንስሳ አመጣጥ እስከ ዛሬ ያስተማረውን ማየት ይጠቅማል። የእንስሳው ስም ራሱ ቀድሞ የነበረውን ግራ መጋባት ይመሰክራል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀው ወዲህ በአውሮፓውያን ጽሑፎች አንዴ የስሜን ቀበሮ፣ አንዴ የስሜን ጃካል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሐበሻ ተኩላ እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። በባሌ የሚኖሩ የኦሮሞ አርብቶ አደሮች «ጄዴላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል፤ ሊወልዱ የተቃረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጅ ስለሚበላ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤንና ማይክሮሳተላይት የተባሉትን የዘረመል ምልክቶች መርምረው እንስሳው ከአፍሪካ ጃካሎች ይልቅ ለግራጫ ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ የሚቀርብ መሆኑን አሳዩ። በመሆኑም በሳይንሳዊ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው ስም ጸና። በአማርኛ ቀይ ቀበሮ የሚለውን ለመቀየር የሚያስገድድ ምክንያት የለም፤ ቀበሮ የሚለው ቃል ድሮውንም ለብዙ የውሻ ዘመዶች የሚያገለግል ነው። ተማሪው ግን ስሙን ተከትሎ እንስሳውን ከቀበሮዎች ወገን እንዳይመድበው መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ጎቴሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ሁለተኛ ጥናት ታሪኩን ወደ ኋላ ይወስደዋል። በዚህ ጥናት ግምት መሠረት ከ100,000 ዓመታት ገደማ በፊት ተኩላ መሰል የሆነ አንድ ቅድመ አያት ወደ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ገባ። በዚያ የበረዶ ዘመን ውርጫማው የአፍሮ አልፓይን ሣር ምድር ዛሬ ከሚታየው እጅግ ዝቅ ብሎ ይወርድ ስለነበር ተራሮቹ በአብዛኛው እርስ በርስ የተያያዙ ነበሩ። እንስሳው በዚያ ሰፊ ምድር ፍልፈልና አይጥ አዳኝ ሆኖ ራሱን አላመደ፤ ቀጭኑ ረጅም አፈሙዙና ተራርቀው የተደረደሩት ትንንሽ ጥርሶቹ ለዚሁ ሥራ የተበጁ ናቸው። ከ15,000 ዓመታት ገደማ ወዲህ ግን የምድር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ውርጫማው ምድር ወደ ተራሮቹ አናት ሸሸ፤ ቀበሮውም አብሮት ወጣ። የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ የሚያሳያቸው ሦስት ክፍሎች የአርሲና የባሌ፣ የወሎና የሸዋ፣ እንዲሁም የስሜንና የጉና የዚያ መለያየት አሻራዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ስሙ የሚጠራው የጉና ተራራ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የለውም። በጮቄና በሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳ የነበሩትም ጠፍተዋል። የእነዚህን መጥፋት በጭንቅላት ቁጥር ብቻ የሚመዘግብ ሰው ኪሳራው ጥቂት ነው ሊል ይችላል። በዘረመል ዓይን ግን በብዙ ሺህ ዓመታት ለየብቻ ከተጓዙት ጥቂት መስመሮች አንዱ ሲቆረጥ በባሌ አንድ መቶ ቡችሎች ቢወለዱ እንኳ ቦታውን አይተኩም። ደላንታ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ቦረና ሳይንት፣ መንዝ ጓሳና ስሜን ላይ ያሉት ወገኖች ዋጋ ከቁጥራቸው በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘረመል ጥናት ሌላም ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ካረንት ባዮሎጂ» ላይ የወጣው ጥናት በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፍቶ የሚገኘው የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ከዘረመሉ 72 በመቶ ያህሉን ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶ ያህሉን ደግሞ ከቀይ ቀበሮ ወገን እንዳገኘ ገምቷል። ይህ ከሆነ የቀይ ቀበሮ ዘመዶች በአንድ ወቅት ዛሬ ከሚታወቀው በእጅጉ የሰፋ ግዛት ነበራቸው ማለት ነው። መዳቀልም ሁልጊዜ የጥፋት ምልክት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም አዲስ ዝርያ የሚወለድበት መንገድ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በሌላ በኩል የ1994ቱ ጥናት በባሌ ዌብ ሸለቆ ሴት ቀበሮዎች ከወንድ የቤት ውሾች ጋር እየተዳቀሉ መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ አጠር ባለ አፈሙዛቸውና በገዘፈ ሰውነታቸው የሚለዩት ድቅሎች እንዳይራቡ የማምከን እርምጃ ተወስዷል። ሁለቱም ክስተቶች በላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት ላይ የዘረመል ፍሰት ተብለው በአንድ ቋንቋ ይጻፋሉ። አንዱ የዝግመተ ለውጥ ሥራ፣ ሌላው ሰው ውሻውን አስከትሎ ወደ ተራራው የመውጣቱ ውጤት መሆኑን የሚለየው ግን የተመራማሪው ዳኝነት ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም። የዘረመል ጥናት ያለ መስክ ዕውቀት ሲነበብ የሚያሳስተው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

ወደ አሥሩ ጂኖሞች እንመለስ። ጥናቱ የእንስሳውን ውጤታማ ቁጥር፣ ማለትም በትክክል ዘር አስተላላፊ የሆኑት ግለሰቦች መጠን የሚሰላበትን ልኬት፣ 100 ገደማ አድርጎታል። በተራሮቹ ላይ በአካል ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኢያን ፍራንክሊን ካቀረበው ዝነኛ መለኪያ አንጻር፣ ለአጭር ጊዜ ከዘመዳሞች መዳቀል ጉዳት ለመዳን 50፣ ለረጅም ጊዜ የመላመድ ዐቅምን ለመጠበቅ 500 ውጤታማ ቁጥር ያስፈልጋል ከሚለው፣ ቀይ ቀበሮው የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛውን ሳይደርስ ቀርቷል። መለኪያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለዘመናት ከሁለተኛው ወሰን በታች የኖረን እንስሳ በዚህ መለኪያ ብቻ መፍረድ በድኻ ቤት ያደገን ልጅ በሀብታም ልጅ የቀለብ ልክ እንደ መመዘን ነው።

በዚህ ረገድ ጥናቱ ያሳየው ልዩነት ትኩረት ይሻል። በቀይ ቀበሮው ጂኖም ውስጥ በመጠኑ ጎጂ የሆኑ ልዩነቶች በርክተዋል፤ ቁጥር አነስተኛ በሆነ ጊዜ ተፈጥሯዊ ምርጫ እነዚህን የማጥራት ኃይሉ ይዳከማልና። በአንጻሩ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ ጉዳታቸው የሚገለጥ እጅግ ጎጂ የሆኑት ልዩነቶች እንዳይጠራቀሙ የረጅም ዘመን አናሳነቱ ሳይገድብ አልቀረም። ዘመዳሞች በተዳቀሉ ቁጥር የእነዚህ ተሸካሚዎች ልጆች ሳያድጉ ይሞታሉ፤ ጎጂው ልዩነትም አብሮ ይቀበራል። እንደዚሁም ጥናቱ የኦክስጅን እጥረትን ለመቋቋም በሚያገለግል የሕዋስ ሥርዓት ውስጥ በሚሠራ አንድ ጂን ላይ የተፈጥሯዊ ምርጫ ምልክት አግኝቷል። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሺህ ዓመታት ለኖረ እንስሳ ይህ የሚጠበቅ ነው።

የእንስሳው ማኅበራዊ ኑሮም በዘረመሉ ላይ የራሱን አሻራ ያሳርፋል። በባሌ በተደረገው ክትትል ወንዶች በተወለዱበት መንጋ ሲቀሩ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ይሄዳሉ፤ የመንጋው እናትም ከተመዘገቡት ግንኙነቶች እስከ 70 በመቶ የሚደርሰውን የምትፈጽመው ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ነው። ከባዕድ ጋር ተኝታ ከቤቷ የምታሳድግ ይህች እናት የዘመዳሞችን መዳቀል የምትቀንሰው ጎረቤት ሲኖራት ነው። በባሌ ጎረቤት አለ። ሁለትና ሦስት መንጋ ብቻ በቀረበት የሰሜን ተራራ ላይ ግን ጎረቤቱም ወንድም ሊሆን ይችላል። ከባሌ የተገኘው «የቅርብ ጊዜ የዘመዳሞች መዳቀል የለም» የሚለው ውጤት በቀጥታ ወደ ሰሜን ሊሻገር የማይችለው ስለዚህ ነው።

የሰሜኑ ጉዳይ ወደ ተግባር ሲመጣ ጥያቄው ቀበሮዎችን ከተራራ ወደ ተራራ ማዛወር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ይሆናል። በዓለም ላይ ያሉ ሁለት ምሳሌዎች የነገሩን ሁለት ገጽታ ያሳያሉ። በፍሎሪዳ የነበረው ፑማ ቁጥሩ ከ20 እስከ 30 ወርዶ፣ ጅራታቸው የተጣመመ፣ የልብ ጉድለት ያለባቸውና የወንድ ፍሬያቸው ያልወረደ ግልገሎች ሲበዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴት ፑማዎች ተወስደው ተለቀቁ። አምስቱ ወለዱ፤ ጉድለቶቹ ቀነሱ፤ ቁጥሩም በየዓመቱ እየጨመረ ከመቶ አለፈ። በአንጻሩ በሰሜን አሜሪካ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው አይል ሮያል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከካናዳ በበረዶ ላይ ተሻግሮ የመጣ አንድ ወንድ ተኩላ በመጀመሪያ ወገኑን ያበረታ መስሎ ነበር። ዘሩ ደሴቷን ሲሞላ ግን ተከታዮቹ ትውልዶች እርስ በርስ እየተዳቀሉ በአከርካሪ ጉድለት ተጎዱ፤ በመጨረሻም ሁለት ተኩላዎች ብቻ ቀሩ። ከጂኖማቸው የተገኘው ማብራሪያ፣ ብዙ ቁጥር ካለው ወገን የመጣ እንግዳ ብዝኃነትን ብቻ ሳይሆን የተደበቁ እጅግ ጎጂ ልዩነቶችንም ይዞ ይመጣል የሚል ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች ለኢትዮጵያ የሚወጣው ትምህርት ከሚታሰበው የተለየ ነው። የባሌ ቀበሮ ለዘመናት በትንሽ ቁጥር ስለኖረ እንደ ካናዳው ተኩላ ከባድ የተደበቀ ሸክም የመያዙ ዕድል አነስተኛ ነው። በዚህ ረገድ ከባሌ ወደ ሰሜን ማዛወር ከአይል ሮያሉ ጋር ሲነጻጸር አደጋው ቀለል ያለ ይመስላል። ነገር ግን ባሌና ሰሜን በስምጥ ሸለቆ የተለያዩት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነውና ድንገተኛ መቀላቀሉ የሰሜኑን የራሱን ቅርስ ሊውጥ ይችላል። ከሰሜን ወደ ሰሜን ማዛወሩ በታሪክ ይበልጥ የሚስማማ ቢሆንም፣ ከራሱ ላይ ቆንጥሮ ለሌላ የሚሰጥ ዐቅም ያለው የሰሜን ተራራ የለም ማለት ይቻላል። እንስሳው በግዞት የሚራባበት ቦታም ስለሌለ መጠባበቂያ ከዚያ አይገኝም።

የተሻለው አካሄድ ቅደም ተከተል ያለው ነው። ከባሌ ወደ ሰሜን የሚደረግ ማንኛውም ዝውውር የሰሜኑ ወገኖች ጂኖም እስኪነበብ ድረስ መቆየት አለበት። የወሎና የመንዝ ተራሮች በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የአንድ ክፍል አባላት ስለሆኑ በእነርሱ መካከል ጥቂት ግለሰቦችን ማሻገር ግን የዘመዳሞች መዳቀል ምልክት እንደታየ ወዲያውኑ ሊታሰብበት የሚችል እርምጃ ነው። ምልክቱን ለማየት ደግሞ አስቀድሞ የተወሰደ ናሙና ያስፈልጋል። ወገኑ ከወደቀ በኋላ የሚነበብ ጂኖም የሞት ምክንያት ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

በዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። ቀይ ቀበሮውን የሚገድለው ጂን ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 እና 2004 ባሌን የመታው ወረርሽኝ፣ በ2008 እና በ2014 ዳግም ተመልሶ፣ የሸለቆዎቹን ቀበሮዎች በወራት ውስጥ ጨርሷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ ከዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞተዋል። ውሾች የሚያመጡት ሌላው በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ በየመካከሉ እየተከተለ የተረፉትን አጥቅቷል። ከዚያም ላይ እርሻ አለ፤ በሰሜን ገብስ እስከ 3,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ይዘራል። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ለክትባትና ለመሬት ይዋል የሚለው ክርክር ስለዚህ ተገቢ ክብደት አለው፤ ከሁለት አንዱን ብቻ መምረጥ የግድ ቢሆን ክትባቱ ይቀድማል። በስሌት ጥናት ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ በየዓመቱ መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ለመግታት ሊበቃ እንደሚችል ታይቷል፤ ከ2018 ጀምሮም በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚቀርብ የአፍ ክትባት ሥራ ላይ ውሏል።

ሆኖም ምርጫው እንዲህ የተሳለ አይደለም። በወረርሽኝ ሦስት አራተኛውን ያጣ የባሌ ሸለቆ በጎረቤት ሸለቆዎች ቀበሮዎች ዳግም ይሞላል። አንድ የሰሜን ተራራ ሦስት አራተኛውን ቢያጣ ግን የሚቀሩት በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከየት እንደሚሞላና በማን እንደሚሞላ መልስ የሚሰጠው የዘረመል መረጃ ነው። የመከላከያ ዐቅምን በሚወስኑ ጂኖች ላይ በባሌ የተደረገ ምርመራም ልዩነታቸው ጥቂት መሆኑን አሳይቷል፤ ሰሜን ባሌ የሌለውን ዓይነት ይዞ ይሁን አይሁን ማወቅ ራሱ የበሽታ ጥያቄ ነው። ወጪውም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይደለም። ቀበሮ ማጥመድና ደም መውሰድ ሳያስፈልግ ከዓይነ ምድር በሚገኝ ዲኤንኤ ግለሰብን ከግለሰብ፣ ቀበሮን ከውሻና ከድቅል መለየት ይቻላል። በዚሁ ናሙና ላይ የሚበላው አይጥ ዓይነትና የጥገኛ ትሎች መኖርም ሊታይ ይችላል።

የሚቀረው የማን ሥራ ነው የሚለው ነው። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በቀይ ቀበሮ ላይ የሚሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች በአመዛኙ በአመጋገብ፣ በስርጭትና ከነዋሪው ጋር ባለው ግጭት ዙሪያ ያጠነጥናሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ተማሪው ከተራራው ሲወርድ ማስታወሻ ደብተሩን ብቻ ይዞ ይወርዳል። ያንኑ መንገድ ሲሄድ አልኮል ያለበት ብልቃጥና የጂፒኤስ ንባብ ቢጨምር የጉዞው ወጪ ምንም ያህል አይጨምርም። ጎንደር፣ ወሎ፣ ወልድያና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎች ለእነዚህ ተራሮች የቀረቡ ናቸው። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ናሙና ወደ ውጭ የሚወጣበትን ሥርዓት ደንግጓል፤ ሕጉ ግን በር ጠባቂ እንጂ ጎተራ አይደለም። ናሙናው በአገር ውስጥ በቅዝቃዜ ተጠብቆ የሚቀመጥበት፣ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ጋር ተራራው፣ ቀኑና መንጋው የሚመዘገብበት ቋሚ ስብስብ ካልተደራጀ እያንዳንዱ ጥናት ከባዶ ይጀምራል። ጂኖሙን የማንበቡ ሥራ ለጊዜው በውጭ ላቦራቶሪ ቢከናወን የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው ከዓመታት በኋላ የጎሽ ሜዳ ቀበሮ ምን ዓይነት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ የሚወጣ ብልቃጥ ማጣት ነው።

ሥራው ከባድ ስልት አይጠይቅም። የቀበሮ መንጋ ጎሕ ሲቀድና ምሽት ላይ የግዛቱን ወሰን እየዞረ በሽንትና በዓይነ ምድር ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱንም ከፍ ባለ የሣር ጉብታ ወይም ድንጋይ ላይ ስለሚተው ወሰኑን ለሚያውቅ ሰው ፍለጋው አያስቸግርም። ወሰኑን የሚያውቁት ደግሞ የመንዝ ጓሳን ሣር በጋራ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ የኖሩትን የመሳሰሉ ነዋሪዎችና በየተራራው የተቀጠሩ የቀበሮ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ዝናብና ብርቱ ፀሐይ ዲኤንኤውን ስለሚያበላሹት ናሙናው ገና እርጥብ ሳለ፣ በማለዳ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ቢሰበሰብ ይመረጣል። እነዚያ ወራት ግን ቡችሎች የሚወለዱባቸው ጭምር ናቸውና ሰብሳቢው ከጉድጓዶቹ ርቆ በወሰኑ መስመር ላይ ብቻ መሥራት ይኖርበታል።